በሩ አጠገብ የምትቀመጠዋ

እናንተዬ፣ መካኒሳ አቦ አዳራሽ ስልጠና አለ ብለው ሻይ እንዳቀርብ ጠሩኝ። ልጅ ሳሉ ትልቅ ሰው የበደላቸውን፣ አድገውም ያልሻረላቸውን ሰዎች እንዴት እንደሚያናግሩና እንደሚረዱ ነው የሚማሩት። እኔም ከፔርሙዙ ጋር ጆሮዬን ይዤ ገባሁ።

ከሰልጣኞቹ አንዷን አይኔ ያዛት። ስሟን አላውቅም፤ የሁሉን ስም የምይዘው እኔ! ሁልጊዜ በሩ ስር ነው የምትቀመጠው፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ። በዚያ ሙቀት ሹራቧ እስከ አንገቷ ተቆልፏል። ሻይዋን በሁለት እጇ አቅፋ ታቀዘቅዘዋለች እንጂ አትጠጣም። ንፋስ በሩን ድርግም ሲያደርገው ብድግ ትላለች።

በመጨረሻው ቀን ሁሉም ተራ በተራ ተበዳይ እያናገረ ይፈተን ተባለ። ያላለፈ የማማከር ስራውን አያገኝም። ተበዳይ የሚሆን ሲጠፋ አሰልጣኙ፣ «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይሁኑልን» አለኝ። እኔ ደግሞ ለዚህ! ሻሼን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። በየተራቸው የቀረቡት ሁሉ «አይዞዎት» እያሉ ትከሻዬን ያዝ ያዝ አደረጉኝ።

በሩ ስር የምትቀመጠዋ ተራ ደረሰ። ፈተናውን ትወድቃለች ብዬ ፈራሁላት። ራቅ ብላ ቆመችና፣ ሳትነካኝ፣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«እማማ፣ በሩ ይዘጋ ወይስ ይከፈት?»

ይህን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። የውሸት እንባዬ የት እንደገባ እንጃ።

«ይከፈት ልጄ» አልኳት። «በበሩ በኩል ደግሞ አንቺ ሁኚ።»

ፈተናውን ማለፏን ሰማሁ። ስሟን ግን ሆን ብዬ አልጠየቅኩም፤ እኔ ስም ካወቅኩ አፌ አያርፍም።