አርባ አንድ ቆርቆሮ፣ ያለቀ

ሰውዬው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለትምህርት ቤቶች ፊልም ሲሠራ ኖሮ ሲሞት፣ ስሙን የሚያስጠራ አንድ ፊልም ታጣ። ፈላጊዋ ልጁ ናት፤ እንጀራዋም መዝገብ መጠበቅ ነው።

ትንኝ እንዴት ይራባል፣ ዘር እንዴት ይበቅላል፣ ውሃ እንዴት ይፈላል፤ የአባቷ ፊልሞች እንዲህ ያሉ ናቸው፤ አንዱም አሥር ደቂቃ አይሞላ። ሲያነሳ «ቁረጥ!» እያለ ስለሚጮህ የመሥሪያ ቤቱ ሰው «ጋሽ ቁረጥ» የሚል ስም አወጣለት። ቤትም ሲገባ አመሉ አይለቀውም፤ ወሬ ከረዘመበት «ቁረጥ» ይላል። እናቷ ከቀብሩ ወዲህ የምትስቀው ይህን ስታነሳ ብቻ ነው።

«ውሃ ሲፈላ ለማንሳት ሦስት ቀን ፈጅቷል» ትላለች። «እቤት ግን አንድ ቀን ሻይ አፍልቶ አያውቅም።»

እናትየው የቀራት ምኞት አንድ ነው፤ የባሏ ስም በባለሙያዎች መዝገብ እንዲሰፍር። መዝገቡ ያለው ልጅቷ በምትሠራበት ቤተ መዛግብት ሲሆን፣ ደንቡንም ያረቀቀችው ራሷ ናት፤ «ቢያንስ አንድ የተጠናቀቀ ሥራው በእጅ ያልተገኘ ሰው አይመዘገብም።» ያኔ አለቃዋ «ደንቡ ትንሽ አልጠበቀም?» ቢላት፣ «መዝገብ ከላላ ወሬ ነው» ብላ ድርቅ አለች። ዛሬ አለቃው እንዳላየ ሊያልፍላት ዝግጁ ነው። እሷ ግን ለሰው የከለከለችውን ለአባቷ መፍቀድ አልሆነላትም።

አራት ወር ፈለገች። ትምህርት ቤቶቹ ጋ ምንም የለም፤ ፊልሙ ታይቶ ሲያበቃ ወደ አባቷ መሥሪያ ቤት ዕቃ ቤት ይመለስ ነበርና። ስለዚህ አንድ ጠዋት ከምድር በታች ወዳለው ዕቃ ቤት ወረደች።

ዕቃ ጠባቂው፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀራቸው ሽማግሌ፣ ገና በሩ ላይ ሳለች ለዩዋት።

«የጋሽ ቁረጥ ልጅ አይደለሽም? አፍንጫሽ ይናገራል! ነይ ልጄ፣ ግቢ። ነፍስ ይማር።»

ጠረጴዛው ላይ ምስማር የሞላ ክብ ቆርቆሮ ነበር። ወደ ጎን ሲገፉት ዓይኗ ክዳኑ ላይ አረፈ። የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ በሰማያዊ ቀለም፤ «ውሃ እንዴት ይፈላል። ያለቀ።»

«ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ የነበረው ፊልምስ?»

«ተወገደ። በደንቡ ነው የተወገደው፤ ቆይ ላሳይሽ።»

መዝገባቸውን አውጥተው ከፈቱት። የሥራዋ ነገር ሆኖባት መጀመሪያ ያየችው ጥራቱን ነው፤ ስርዝ የለ፣ ድልዝ የለ፣ ቀኑ፣ ብዛቱ፣ የሦስት ሰው ፊርማ። ከዚህ የተሻለ መዝገብ አይታ አታውቅም። «አርባ አንድ ቆርቆሮ፣ ያለቀ። ፊልሙ ተቃጠለ፤ ቆርቆሮው ለምስማር ዋለ።»

«ዕቃ ቤቱ ሲጠብ፣ ያለቀ ዕቃ ሁሉ ይወገድ ተባለ» አሉ። «ያለቀ ባትሪ፣ ያለቀ ቀለም፣ ያለቀ አምፖል። ስለ ፊልም ምን አውቃለሁ? ግን አባትሽ ራሳቸው «ያለቀ» ብለው ጽፈውበታል። እኔ በራሴ አንዱንም አልፈረድኩበትም።»

ዝም ብላ መውጣት ትችል ነበር። ግን በመዝገብ ላይ ያለ ስህተት ሲነገራት እንጂ ሲሸፈንላት አትወድም፤ ሰውም እንደ እሷ ይመስላታል።

«ጋሼ፣ ፊልም ሠሪዎች ጋ ያለቀ ማለት... ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ ድምፅ ገብቶለት፣ ለመታየት የደረሰ ማለት ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ ክዳኑ አዩ፣ ወደ መዝገቡ አዩ።

«ታዲያ ያለቀው... አላለቀም ነበር?»

«አልቆ ነበር፣ ጋሼ። አሁን ግን አለቀ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ በቀረሽ» አሉ። ተነሥተው ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ቆርቆሮ አመጡላት። «ይቺ ብቻ ናት የተረፈችው። ያላለቀ ይላል። ገና ይሠራበታል ብዬ ነው ያስቀመጥኳት።»

በቤተ መዛግብቱ የፊልም መመልከቻ ላይ አስገብታ አየችው። ድምፅ የለውም። በምድጃ ላይ ብረት ድስት፣ በድስቱ ውስጥ ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ቴርሞሜትር፤ ቴርሞሜትሩን የያዘች አንዲት ትንሽ እጅ። አውራ ጣቱ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ አወቀችው፤ ዛሬም እዚያው ጣቷ ላይ ነው። ሰባት ዓመቷ ነበር። እጇ ስለተንቀጠቀጠ አባቷ ሙከራውን ጥሎ፣ ዋናውን ፊልም በጎረቤት ልጅ እጅ አነሳው፤ እሷም አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። ሙቀቱ ሃምሳ አለ፣ ሰባ አለ። ሰማንያ ሁለት ላይ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ፊልሙ ተቆረጠ። ውሃው አልፈላም።

ስድስት ጊዜ ደገመችው። በደንቡ መሠረት ምንም አይደለም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቅጹን ይዛ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች፤ እናቷ ከፊት ለፊቷ ሽንኩርት ትከትፋለች። «የተጠናቀቀ ሥራ» በሚለው ትይዩ «አልተገኘም» ብላ ጻፈች። መጨረሻ ላይ «የፍለጋው ሁኔታ» የሚል አለ፤ ከሁለት ቃል በአንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። የሚፈለግበት ቦታ ከእንግዲህ የለም። እውነቱ «ያለቀ» ነው፤ እንዲያ ያለ ፋይል ደግሞ በዓመቱ ይወገዳል። ይህንም የደነገገችው እሷው ናት። ብዕሯን «ያላለቀ» ላይ አሳረፈች። በሥራ ዘመኗ በቅጽ ላይ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነው፤ ምልክቱ ጠመመባት።

«ገባ ስሙ?» አለች እናቷ፣ ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።

«ገና ነው።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አያልቅም፣ እማዬ።»

እናቷ የሥራ ጥንቃቄዋ መስሏት ራሷን ነቀነቀች። «እሱም እንዲሁ ነበር» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።