ሻንጣ ጠባቂዋ

አንዲት አሮጊት አርብ አርብ ትኬት ከምሸጥበት መስኮት ፊት ለፊት ይቆማሉ። የሻንጣዎቹን ማንገቻ ክንዳቸው ላይ ጠምጥመው፣ ለመንገድ ብቻ የሚያወጧትን ጥቁር ጫማ ተጫምተዋል። ምራታቸው አሮጌ ነገር ትወዳለች፤ ድንጋይ ከሆነ። ቅዳሜና እሁድ እሷና ባሏ ጥንታዊ ፍርስራሽ ሲዞሩ፣ አሮጊቷ በሚወርዱበት ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሻንጣ ይጠብቃሉ።

«ፍርስራሹ እንዴት ነው፣ እማማ?» አልኳቸው አንዴ።

«እኔ ምኑን አይቼው! በባቡሩ መስኮት ግን ስንቱን አገር አየሁ መሰለህ፣ ልጄ።»

ዛሬ የምሥራች ነበረኝ። «ነገ እርስዎም ይዞራሉ! እዚያ ጣቢያ ሻንጣ ማስቀመጫ ተከፍቷል።»

የምራትየዋ ፊት በራ። «ተገላገልን! እንግዲያው ሁለት ትኬት ብቻ ቁረጥልን።»

ልጃቸው ሰዓቱን አየ። አሮጊቷ ማንገቻዎቹን አንድ በአንድ ከክንዳቸው ፈቱ።

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አሉኝ።