ሁለት ሰባት ይዤ የሸሸሁት

ጋሽ ወልዴ አሁን ካርታቸውን ገለጡልኝ። ባዶ ነው፤ አንድ ጥንድ እንኳ የለበትም። ደሜ ፈልቷል።

ሁለታችንም ቦንጋ መምህራን ነን። አንዳችን ነገ በዚህ ዝናብ ለፈተና ቁጥጥር ደካ መሄድ ስላለብን በፖከር ካርታ ይለይ፣ የተሸነፈ ይሂድ ተባባልን። የምናስይዘው የቡና ፍሬ ነው። (ቡናውንም ያመጣሁት እኔ ነኝ።)

በመጨረሻው ዙር ሁለት ሰባት ደረሰኝ፤ የሚያኮራም የሚጣልም አይደለም። እሳቸው ፍሬያቸውን በሙሉ ወደ መሃል ገፉት።

እኩል አስይዤ ካርታቸውን ልየው ወይስ የእኔን ጥዬ ልሸነፍ? ሰፈሩን የሚያስታርቁ ሽማግሌ በባዶ አያስፈራሩም ብዬ ጣልኩ። ደካ ሂያጁ እኔ ሆንኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ይዋሻሉ?»

«ልጄ፣ ከአፌ ቃል ወጣ?»

አልወጣም። ያበገነኝም ይኸው ነው።

እናንተስ ሰው አክብራችሁ ካርታ ጥላችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ነገ መኪናችንን ጭቃ ሲይዘው አነበዋለሁ።