አራተኛው ወታደር

ልጅ ሳለሁ ፊልም የማየው በጆሮዬ ነበር። እናቴ አቃቂ ክር ፋብሪካ ትሠራ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፈረቃዋ እስኪያልቅ የምጠብቃት በሩ ላይ፣ ከዘበኛው ከጋሽ መኩሪያ ዘንድ ነው። ጋሽ መኩሪያ መንግሥት ሲለወጥ ከተበተነው ጦር ናቸው፤ ጆሯቸውን መድፍ አደንቁሮታል። ያኔ፣ በእረፍት ቀናቸው ሳሪስ ቪዲዮ ቤት ገብተው ያዩትን፣ ከሰል አያይዘው በቆሎ እየጠበሱ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን ይተርኩልኝ ነበር። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው እንግሊዝኛ አይችሉም፤ እኔ ግን አንድም ቀን ጠርጥሬ አላውቅም።

ከሁሉ የምወደው የሽማግሌዎቹን ወታደሮች ታሪክ ነበር። በጦርነት ጊዜ ወርቅ የቀበሩ ሦስት ጓደኛሞች፣ ካረጁ በኋላ፣ አንዱ በከዘራ አንዱ በመነጽር፣ ሊያወጡት ይመለሳሉ። አራተኛው ግን ሞቶ እዚያው ከወርቁ ጎን ተቀብሯል። ቁፋሮው ሊያልቅ ሲል ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ቀሪው ነገ» ይሉኛል።

የእናቴ የሥራ ባልደረባ የእትዬ የሺ ባል ሰሜን እንደዘመተ አልተመለሰም። መርዶ ስላልመጣላት ጥቁር አልለበሰችም፤ ያገኘችውን ወታደር ሁሉ ትጠይቃለች። ጋሽ መኩሪያንም ደጋግማ ጠይቃቸው «አላውቀውም፣ ክፍላችን ለየብቻ ነው» ብለዋታል።

አንድ ቀን «ነገ» ሰለቸኝና በቆሎ አልበላም ብዬ አኮረፍኩ። ጋሽ መኩሪያ ደግሞ የልጅ ኩርፊያ አይችሉም። ፍሙን እየቆሰቆሱ ጨረሱልኝ። ሽማግሌዎቹ ቆፍረው መጀመሪያ ያገኙት የጓደኛቸውን ሹራብ ነው፤ ግራጫ ሆኖ አንድ እጅጌው ብቻ አረንጓዴ፣ ሚስቱ ስትሠራለት ክሩ አልቆባት። ያን ዕለት መብራት ጠፍቶ ማሽኖቹ በመቆማቸው ሠራተኛው ያለ ሰዓቱ መውጣት ጀምሮ ነበር፤ እሳቸው አልሰሙም። እትዬ የሺ ከኋላችን ቆማለች።

«የትኛው እጅጌ ነው፣ ጋሽ መኩሪያ?» አለች ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብላ።

ዞረው አዩዋት። ቀስ ብለው «ግራው» አሉ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የጋሽ መኩሪያን ያወጣው የእኔ ኩርፊያ ነው። ኋላ ለእናቴ እንደነገሯት፣ የእትዬ የሺን ባል በገዛ እጃቸው ቀብረውት፣ መርዶ ነጋሪ መሆን አቅቷቸው ኖሯል። አድጌ ፊልሙን ሳየው ወታደሮቹ ሦስት ብቻ ናቸው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ሄደው መርዶውን ነገሯት፣ ድንኳን ተተከለ። ጋሽ መኩሪያን ግን ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፈገቻቸው። እሳቸውም ተረት አቆሙ፤ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ስንት ቀን አለቀስኩ።

በሙት ዓመቱ ራሷ ሄዳ ጠራቻቸው። ከዘመድ መሃል አስቀምጣ «ፊልሙን ይተዉትና እሱን ይንገሩኝ» አለቻቸው። እኛን ልጆቹን አስወጡን። እስኪመሽ ድረስ ድምፃቸው በመስኮት ይሰማ ነበር፤ መሃል ላይ እትዬ የሺ ከት ብላ ስትስቅ ሰማሁ። ሰው በባሏ ሙት ዓመት እንዴት ይስቃል ብዬ ያኔ ተቀየምኳት። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ዕለት ግማሽ ቀን ያህል ባሏ መጥቶላት ነበር።