ለእትዬ የገዛነው ጋቢ

የሆሳዕና ከተማው የቲያትር ክበባችን ደህና መብራት ኖሮት አያውቅም፤ እትዬ ግን ነበሩት። መጋረጃ የሚጎትቱት፣ ልብሳችንን የሚያጥቡትና የሚሰፉት፣ ቃል ሲጠፋብን ከኋላ በሹክሹክታ የሚያቀብሉን እሳቸው ነበሩ። ሲናደዱብን በሀዲይኛ፣ ሲመክሩን በአማርኛ ነበር። ደመወዝ አልነበራቸውም። ከእኛ መሃል ስንቱ ተኮራርፎ ሲወጣ፣ ስንቱ አዲስ አበባ ሄዶ ሲቀር፣ እሳቸው ከመጋረጃው ኋላ ንቅንቅ አላሉም።

ባለፈው ዓመት ጉልበታቸው አስቸገራቸውና ልጃቸው ዱራሜ ልትወስዳቸው ሆነ። ሳናመሰግናቸው ቢሄዱ ከሆዴ መቼም አይወጣልኝም ነበር። እሳቸው ደግሞ «መድረክ ላይ ከጠራችሁኝ በጓሮ በር ነው የምሄደው» ብለው ዝተዋል። ስለዚህ እሳቸው ሳይሰሙ ጃጁራ ገበያ ድረስ ሄደን ነጭ፣ ወፍራም፣ ገና ሲያዩት የሚሞቅ ጋቢ ገዛንላቸው።

የት እንደብቀው? የሆሳዕና ሰው ወሬ አይቋጥርም፤ ከአንዳችን ቤት ቢያድር በነጋታው ገበያ ላይ ይሰማል። በአዳራሹ ውስጥ የሚቆለፍ ዕቃ የልብስ ሳጥኑ ብቻ ነው። ከሥሩ፣ ማንም ከማይነካው የንጉሥ ካባ በታች አጋደምነው። አቤት ብልጠታችን! ቁልፉን «ካባውን ልለካ ነው» ብዬ የተቀበልኩት ከራሳቸው ከእትዬ ነበር።

የመጨረሻቸው ቀን ደረሰ። እኔ የምጫወተው ያጣ የነጣ ሽማግሌ ሆኜ ነው። ልለብስ ስጠጋ እትዬ የዘወትሩን ጋቢ ወዲያ ጥለው ሌላ አለበሱኝ።

«ያ እኮ አለቀ፣ ልጄ። አስረክቤ ልሂድ ብዬ ሳጥኑን ሳናፍስ ይሄን ከሥር አገኘሁት። አዲስ ነበር፤ ድሃ አዲስ ጋቢ ይለብሳል እንዴ? በሻይ ነክሬ፣ ጫፉን በድንጋይ ፈትጌ አስረጀሁልህ። አያምርም?»

የጃጁራው ጋቢያችን ነው። ነጭነቱ ጠፍቶ ቡናማ ሆኗል፣ ጫፉም ተተልትሏል።

«ያምራል፣ እትዬ» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ለጓደኞቼ እንኳ ለመንገር ጊዜ ሳላገኝ እትዬ መጋረጃውን ሳብ አደረጉትና ወጣሁ። ያን ቀን በልመናው ትዕይንት ላይ ያለቀስኩት ትወና አልነበረም፤ ተመልካቹ ግን አጨበጨበልኝ።

ቲያትሩ ሲያልቅ ነገሩን ያልሰማው ሰብሳቢያችን ወጥቶ እትዬን ጠራ። የጓሮውን በር አስቀድመን ዘግተነዋልና መሸሻ አልነበራቸውም፤ ሁለት ተዋንያን ግራና ቀኝ ይዘው አወጧቸው። አዳራሹ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው የቀሚሳቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ። ምን ያህል እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«በሉ ስጦታውን አምጡ!» አለ ሰብሳቢው።

ጉድ ፈላ። አንዱ ወደ ሳጥኑ ሮጦ ባዶ እጁን ተመለሰ። ስጦታው እኔ ትከሻ ላይ ነዋ! ምን ይደረግ፣ አውልቄ ደረብኩላቸው። ከፊት ወንበር አንድ ሰውዬ «ለዚህ ሁሉ ዘመን ልፋት አሮጌ ጋቢ?» ሲል ሰማሁት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ የተተለተለውን ጫፍ በጣታቸው ዳበሱና ቀና ብለው አዩኝ።

«የኔ ነበር እንዴ?»

«የእርስዎ ነበር፣ እትዬ።»

በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሲስቁ ሲስቁ ዕንባቸው መጣ፤ የእኔም መጣ። ነገ ዛሬ ሳንል ሌላ አዲስ እንደምንገዛላቸው ስምልላቸው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ተው፣ ልጄ። አዲሱን ብትሰጡኝ ኖሮ ለእንግዳ ብዬ አስቀምጠው ነበር። ይሄን ግን እኔው እለብሰዋለሁ።»