ክር የታሰረበት ድንች

ልጄ የድንች በሽታ ታጠናለች። ቅጠሉን የሚያጨማትረው ቫይረስ ዘረመሉ ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለዋወጥ ነው የምትከታተለው። ደብረ ማርቆስ አብረን እንኖራለን። ዘረመሉን የሚያነበው መሣሪያ እዚህ ስለሌለ ናሙናዋን አዲስ አበባ ልካ ውጤቱን ትጠብቃለች፤ ብዙውን ጊዜ ይዘገያል።

አምና መሣሪያው ያለበት ላቦራቶሪ ራሱ ሥራ ልስጥሽ አላት። ደመወዙ ጥሩ ነው። ሥራው ግን የሰው በሽታ ላይ ስለሆነ ድንቹን መተው ሊኖርባት ነው። እስከ ሰኞ መልስ ስጪ አሏት። ምን ትያለሽ ስትለኝ አንቺ ታውቂያለሽ አልኳት። ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። ቢሆንም ሂጂም ቅሪም የሚል ነገር ውስጤ አልነበረም። እንደምትሄድ ቆጥሬ ብርድ ልብሷን አጥቤ አሰጣሁ።

ቅዳሜ አብሬያት ድንቹን ወደምታጠናበት ገጠር፣ አምበር ሄድኩ። ከምትከታተላቸው ማሳዎች አንዱ የሟቹ ባለቤቴ የአጎት ልጅ ማሳ ነው። ክረምት ላይ ልጄ የታመሙትን ተክሎች እየለየች ቀይ ክር አስራባቸው፣ ሲቆፈር ለብቻ አስቀምጡልኝ ብላ ነበር። ሚስቱ ጓዳ አስገባችን። ድንቹ ገለባ ላይ ተዘርግቶ አቆጥቁጧል።

“ክር ያሰርሽበትን ለዘር አስቀመጥንልሽ፤ ለጎረቤትም አካፈልን” አለች። “ማተብ ካሰርሽለት እንግዲህ ክርስቲያን ነው፣ አይበላም ብለን።”

ልጄ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ለማን ለማን እንደሰጡ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ቤቶቹን በአገጯ እየጠቆመች ነገረቻት፤ ከወንዝ ማዶ ያለው አማቿ በመስኖ ተክሎታል። የታመመው ክር የታሰረበት ድንች መሆኑን ልጄ ቀስ ብላ አስረዳቻት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። “ታዲያ አሁን ማን ይለቅመዋል? እኔ መልሱ ብላቸው ለራሷ ልታስቀረው ነው ይሉኛል።”

በመመለሻችን ሚኒባሱ ውስጥ ልጄ ያልተተከለውን ከየቤቱ መሰብሰብ እንዳለባት፣ የተተከለው ላይ ደግሞ ከአንድ ጓዳ የወጣ ቫይረስ በየማሳው ምን እንደሚሆን ማየት እንደምትችል ነገረችኝ። ይህን ስትል አዝና ይሁን ደስ ብሏት መለየት አልቻልኩም።

ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪው ደውላ እንደማትመጣ ነገረቻቸው። ናሙናዋን ግን እንደ በፊቱ ይቀበሏታል።

“ቅሪ አላልኩሽም” አልኳት።

“እሱማ አላልሽም፣ እማዬ።”

ቦቲ ጫማዋን አድርጋ የአምበር መኪና ልትይዝ ወጣች። በመቅረቷ ደስ ይለኛል ብዬ ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁ።