መደርደሪያዋ ላይ ያየሁት የሌላ ሰው መጽሐፍ

ከእኔ ሰባት መጻሕፍት አጠገብ አንድ ስምንተኛ ቆሞ አየሁ። እኔ አላመጣሁትም። እጄን ታጥቤ እንኳ አልጨረስኩም፤ ውሃው ከጣቶቼ እየተንጠባጠበ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ሰው አመጣልኝ፣ ጋሼ» አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ከባንኮኒው ቀና እንኳ ሳትል።

ሰው! ሰው ማለት ማን ነው? ሸዋ ሮቢት እንደ ልማዷ አናት የሚበሳ ፀሐይ ለቃብን ነበር፤ እኔን ግን የውስጤ ቃጠሎ የውጪውን አስረሳኝ። የቀረበልኝን ጥብስ ምን እንደሚል ሳላውቀው በልቼ ተነሳሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ሥራዬ ይኸው ነው። ደብረ ሲናን አልፈን ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ተሳፋሪው ጋቢውን ይጥላል፣ ጃኬቱን ያወልቃል፣ «መስኮት ክፈቱ» «አትክፈቱ» የሚባለው ጭቅጭቅ ይነሳል። ጭቅጭቁ ሳያልቅ ሸዋ ሮቢት ደርሰን ለምሳ እንቆማለን። ደንቡን የማያውቅ ካለ ይወቀው፦ ተሳፋሪ የሚበላው ሾፌሩ ከቆመበት ቤት ነው፤ ሾፌሩ ደግሞ በዚያ ቤት አይከፍልም። ስለዚህ በመንገዱ ዳር ያለ ምግብ ቤት ሁሉ ይሽቆጠቆጥልናል፤ «ጋሼ እዚህ ጋ፣ ጋሼ አየሩ እዚህ ይሻላል» ነው።

እሷ ብቻ አትሽቆጠቆጥም ነበር። ከባሏ ከተፋታች ቆይታለች፣ አርባን ብትዘል ነው፣ ቤቱን ብቻዋን ነው የምታስተዳድረው። መጀመሪያ የቆምኩ ቀን ባንኮኒ ተደግፋ መጽሐፍ ታነብ ነበር። ገጹን ሳትጨርስ አላናገረችኝም። ሚስቴን ከቀበርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት ግን ልቤ ከጀለ። ምን ይደረግ፣ ሰው ነኝ።

በሚቀጥለው ጉዞ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ረስቶት የሄደውን፣ ሁሉም ሰው የሚያወራለትን ልብ ወለድ ይዤላት ሄድኩ። አየችውና ፈገግ አለች። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ ይሄንንማ አንብቤዋለሁ። ሁሉም ሰው ያነበበው እዚህም ይደርሳል። የማይደርሰው ነው የናፈቀኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ አበባ በገባሁ ቁጥር አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ መንበርከክ ሆነ ሥራዬ። ማንም የማያውቀውን ስጡኝ እላለሁ። የመጀመሪያው ስለ አህያ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ጡረታ የወጣ የእንስሳት ሐኪም ስለ አህያ ሕመም፣ ስለ ጀርባ ቁስልና ስለ ጭነት አጫጫን የጻፈው ነው። ቀጥሎ ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ ፍቆ ብራና ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ሙያውን ያስረዳበትን፣ ከዚያ አንድ የአጥቢያ ዳኛ የፈረዳቸውን የእርሻ ድንበር ክርክሮች ወሰድኩላት። ስለ አንበጣ አለ፣ ስለ ጥርስ አለ፣ ስለ ጨው ነጋዴዎች አለ። ሰባተኛው ባሕር አይቶ የማያውቅ መምህር ስለ ዓሣ ነባሪ የጻፈው ነው። እነዚህን በየካፌው ሲወራላቸው አትሰሙም። ደራሲዎቹ በራሳቸው ገንዘብ አሳትመው፣ ለዘመድ አድለው፣ የተረፈው ሳጥን ውስጥ ሲያረጅ ነው ወደ መንገድ ዳር የወጣው። እኔ ለቅሜ አመጣኋቸው። ከቢራ ሳጥኖቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ በተራ አቆመቻቸው፤ እኔም ጥብሴን እየበላሁ ቀና ብዬ አያቸውና ደረቴ ይነፋል።

አሁን የሚያሳፍረውን ልናገር። አንዳቸውንም አላነበብኩም። ሽፋኑን አያለሁ፣ ከጀርባው የተጻፈውን አነባለሁ፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ መግቢያዋን እቀምሳለሁ፤ በቃ። ለእሷ ግን «ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ተይኝ!» እላት ነበር። «ዳኛው የወንድማማቾቹን ክርክር የፈቱበት መንገድ አላስገረመዎትም?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «አይ፣ መጨረሻውን አውርቼ አላበላሽብሽም፣ ራስሽ ድረሺበት» ብዬ ጨዋታ እቀይራለሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነዋ!

ወደ ስምንተኛው ልመለስ። በሚቀጥለው ጉዞ እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ብድግ ብዬ አወረድኩት። በአንድ ትንሽ ከተማ ስልክ ታገናኝ የነበረች ሴት የሥራ ዘመኗን የተረከችበት ነው። ቆሜ ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። አንድ ገጽ ጠርዝ ላይ በእርሳስ፣ በወንድ እጅ ጽሑፍ፣ «እዚህ ጋ ብቻዬን ሳቅኩ» ይላል። ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «እኔም» ተብሏል። የእሷ ጽሑፍ ነው፤ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የምግብ ዝርዝር ለይቼ አውቀዋለሁ።

እኔም! ሁለት ሰዎች ተዘግተው ሲሳሳቁ በር ከፍቼ የገባሁ ያህል አፈርኩ፣ ቀጥሎ አንጀቴ እርር አለ። የእኔን ሰባት መጻሕፍት አንድ በአንድ አየኋቸው። አንድ ፊደል የተጻፈበት የለም።

ሰውየውን ያየሁት በሳምንቱ ነው። የተሳቢ ሾፌር ነው፤ ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ሰሜን ይወጣል። ምነው መልከ መልካም በሆነና በወጣልኝ! ፀጉሩ የሸበተ፣ በነጠላ ጫማ የሚሄድ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ተራ ሰው ነው። ገና ከበሩ ሲገባ፣ «አንተ! ዛሬስ ቀረህ ብዬ ነበር» አለችው። አንተ! እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አንቱ ነኝ፣ ጋሼ ነኝ፣ «ይጨመርልዎ ወይ» ነኝ። እሱ ወንበር ስቦ ባንኮኒው አጠገብ ተቀመጠና ምግብ እንኳ ሳያዝ፣ «እዚያች ሴትዮ ጋ ደረስሽ?» አላት። እሷም «ደረስኩ፣ ግን እኔ አልፈርድባትም» አለች። ከዚያ ተከራከሩ። ስለማላውቃት ሴትዮ ነው ክርክሩ። እኔ ቁራሼን እያላመጥኩ የማላውቃትን ሴትዮ ጠላኋት።

እልህ ያዘኝ። በሚቀጥለው ጉዞ አውቶቡሱን ከአስፋልቱ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ ካለው ቤት አቆምኩት። በዚያች ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሳ ሆድ ሁሉ ተከትሎኝ ወረደ። ምግቡ የረባ አልነበረም። አንድ ተሳፋሪ፣ «ሾፌር፣ ያኛው ቤት አይሻልም ነበር?» ቢለኝ፣ «ያልተመቸው ጾሙን ይዋል!» ብዬ ጮህኩበት። ምን አድርጎ? ምንም።

አንድ ወር ሙሉ እንዲህ አደረግኩ። ፊቴን ወደ እሷ ቤት አዙሬ እቀመጣለሁ። ጠረጴዛዎቿ ባዶአቸውን ይታዩኛል፤ ከሁለቱ አስተናጋጆቿ አንዷ ቀርታለች። ትለምነኛለች፣ «ጋሼ ምን አጠፋሁ?» ትለኛለች፣ ያኔ ተሸንፌ እመለሳለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። እሷ ግን በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ታነባለች። ይታያችሁ፣ ገበያ ዘግቼ ትርፍ ጊዜ የሰጠኋት እኔ፣ በሰጠኋት ጊዜ የእሱን መጽሐፍ የምታነብ እሷ! የባሰ ነደድኩ።

አንድ ሐሙስ ነጠላዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ባጃጆቹን አሳልፋ አስፋልቱን ተሻገረች። የመኮሮኒ ካርቶን ታቅፋለች። ተሳፋሪዎቼ እየበሉ ካርቶኑን ከፊቴ ዘጭ አደረገችው። ሰባቱ መጻሕፍቴ ናቸው።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

የዳኛውን መጽሐፍ አወጣችና ጠርዙን ወደ ዓይኔ አስጠጋችው። «ይህን ሲያመጡልኝ ሁለቴ አነበብኩት ብለውኛል። ማተሚያ ቤቱ በደንብ ስላልቆረጠው ከመሀል ጀምሮ ገጾቹ ጫፍ ለጫፍ እንደተያያዙ ነበር የመጣው። በሽንኩርት ቢላዋ የከፈትኳቸው እኔ ነኝ። የብራናውም እንደዚያው ነበር፣ የጨውም እንደዚያው።»

አጠገቤ ያሉት ሰዎች መብላታቸውን ትተዋል።

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?»

«ይመርጡ ነበራ። አንድም የማይረባ አላመጡልኝም፤ እንዴት እንደሚመርጡ እንጃ፣ እጅዎ ግን ያውቃል። አንድ ቀን አንዱን አንብበው ይመጣሉ፣ ቁጭ ብለን እናወራለን ብዬ ጠበቅኩ። ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። መጽሐፍማ እኔም ልኬ አስመጣለሁ፣ ጋሼ። ያጣሁት የሚያወራኝ ሰው ነው።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አውቶቡስዎን የትም ያቁሙ፤ ሆድዎ ያውቃል። እነዚህን ግን ያንብቧቸው፣ ያሳዝናሉ።»

ተመልሳ ተሻገረች። ካርቶኑን ከመቀመጫዬ ሥር አስገብቼ መንገዴን ቀጠልኩ። ከሁሉ የቆጨኝ ያ ባለ ነጠላ ጫማ ሰው ምንም ተንኮል ያልሠራ መሆኑ ነው። አንብቦ መጣ፤ ሌላ ያደረገው ነገር የለም።

ደሴ ስንደርስ የአውቶቡሱ ፍሬን ችግር ስላሳየ ሁለት ቀን ጋራዥ ዋለ። ሰባቱን እሷ ጨርሳቸዋለች ብዬ፣ ፒያሳ ላይ አሮጌ መጻሕፍት ከሚዘረጋ ሰው አንዲት ስስ መጽሐፍ ገዛሁ፤ የአንድ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ትዝታ ነች። እሷም እዚህም እዚያም የተያያዙ ገጾች ነበሩባት። ምላጭ ገዝቼ እየከፈትኩ ማንበብ ጀመርኩ። እልህ ነው ያስጀመረኝ፤ ያን ሰውዬ አሳየዋለሁ ብዬ ነው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች እንደ መድኃኒት ዋጥኳቸው። ከዚያ ግን ሰውየው ያዘኝ። ስለ አፈር ዓይነት ያወራል፣ ስለ ድንጋይ ድምፅ ያወራል፣ ስለ ሚስቱ ያወራል። የጋራዡ ሰው «ፍሬኑ ተሠርቷል፣ ሞክረው» ሲለኝ «ቆይ፣ አንድ ገጽ ቀርታኛለች» አልኩት። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት!

ስመለስ ያለ አንዳች ማቅማማት ከእሷ ደጅ አቆምኩ። ተሳፋሪው ወረደ፣ ቤቱ ሞላ። ይቅርታ ለማለት ሦስት ዓይነት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳያት ሦስቱም ጠፉኝ። ትዕዛዝ እስኪቀል ጠብቄ ባንኮኒው አጠገብ ቆምኩና፣ «አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ አለ» አልኳት።

«እሺ?»

«ከሚስቱ ጋር የተጣላ ቀን ጉድጓድ አይገባም።»

«ለምን?»

«ገመዱን ከላይ የምትይዘው እሷ ናታ!»

ጭልፋዋን አስቀመጠች። ፊቷ ቀስ ብሎ በራ፤ ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእኔ ያልሳቀችው ሳቅ። «ከዚያስ?» አለች። ነገርኳት። አንድ ቀን ሥራ ሲያስቸኩለው እንደተኳረፉ ገባ፤ ሲጨርስ አውጪኝ ቢላት ወይ ፍንክች፤ ጥፋቱን አንድ በአንድ እስኪቆጥር ከታች አስቀረችው፤ እሱም ከጉድጓዱ ሥር ሲጮህ የመንደሩ ሰው ኑዛዜውን ሁሉ ሰማ። እሷ ባንኮኒውን ይዛ በሳቅ ተንፈራፈረች። «እሷስ ይቅርታ አደረገችለት? እሱስ ተቀየመ?» ትላለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ትከራከረኛለች፣ እከራከራታለሁ። «ውሸትህን ነው!» አለችኝና ደንግጣ አፏን ያዘች፤ እኔ ግን ደስታዬን አልቻልኩትም። ጥብሴ ቀዘቀዘ፣ ተሳፋሪ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ ምን ቸገረኝ። በልቤ ቀኔ ደረሰ፣ አገኘኋት አልኩ።

እንባዋን በሽርጧ ጠረገችና ወደ አስፋልቱ አየች።

«ይህንንማ ለእሱ ሳልነግረው አላድርም» አለች። «ዛሬ በዚህ ያልፋል። እንዴት እንደሚስቅ ባዩት! ጋሼ፣ መጽሐፏን ይተዉልኝ አይደል? እሱም ያንብባት።»

ከኪሴ አወጣኋት። በሕይወቴ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኳትን የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ ለዚያ ሰው እንድታውሰው፣ በገዛ እጄ ሰጠኋት።